ጭስ ሆኖ የሚጠፋው ማገዶ
ከሰቆጣ ጓዳ እስከ ተመራማሪዎች ቤተ ሙከራ

ዛሬ ጠዋት ቁርስዎ የበሰለበት እሳት ከየት መጣ? ከተሜ ከሆኑ መልሱ አጭር ነው፤ ማብሪያውን ይጫናሉ ወይም የጋዙን ቁልፍ ያዞራሉ፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። በሰቆጣ ዙሪያ ገጠር ለምትኖር እናት ግን የዛሬው እሳት ትናንት የተጀመረ ሥራ ነው። ትናንት ገደሉን ወርዳ፣ ቁጥቋጦውን መልምላ፣ ጭራሮውን ለቅማ፣ በገመድ ጠፍራ በጀርባዋ አዝላ ያመጣችው ነው። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ትለቅማለች። ማሳውን ሊያዳብር ይችል የነበረው ኩበት እንጀራ መጋገሪያ ይሆናል ማለት ነው።

ዋግ ኽምራን የሚያውቅ ሰው አገሩን በሁለት ነገር ያስታውሰዋል፤ በማሩና በድንጋዩ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ ዙሪያዋ ወደ ተከዜና ወደ ገባሮቹ የሚወርድ ገደላ ገደል ነው። ደኑ ከተመናመነ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዝናቡም እንደ ጎጃም ዝናብ አይታመንም። በበጋ ምንጩ ይነጥፋል፤ በክረምት ደግሞ ጎርፉ ያደፈርሰዋል። ስለዚህ እናቲቱ ከማገዶው ሸክም ሌላ የውኃ ሸክም አለባት፤ ጄሪካኑን ሞልታ ይዛ የምትመጣው ውኃም ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም።

የሰቆጣ ስም ከሕፃናት ጤና ጋር ተያይዞ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። መንግሥት በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውን ሰነድ ይፋ ሲያደርግ፣ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የምግብ እጥረት ጉዳት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ለማስቀረት ቃል መግባቱ ነበር። ነገሩን በምግብ ብቻ የምናስብ ካለን ተሳስተናል። በቆሸሸ ውኃ ምክንያት በየወሩ ተቅማጥ የሚይዘው ሕፃን የበላው ሁሉ ከሰውነቱ ጋር ሳይዋሐድ ይወጣል፤ እናቱ ያበላችው ምግብ ከንቱ ይቀራል። ጭሱም የበኩሉን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 ከቤት ውስጥ ጭስ በተነሣ ሕመም በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። እሳቱ ዳር የምትቀመጠው እናት ናት፤ በጀርባዋ ያዘለችውም ልጅዋ ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ቁም ነገር እንግባ። በዓለም ዙሪያ ብዙ ተመራማሪዎች በዓይን ከማይታዩ እጅግ ደቃቅ ቁሶች «ካታሊስት» የሚባለውን ነገር እየሠሩ፣ ያለ ብክለት ኃይል ለማመንጨትና የተበከለውን ውኃና አየር ለማጽዳት ይደክማሉ። ጉዳዩ ከሴቶች ዓምድ ጋር ምን አገናኘው ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ሁለቱም ፍለጋዎች፣ የኃይሉም የጽዳቱም፣ ቀደም ብለን ያነሣናቸውን ሁለት ሸክሞች የሚነኩ ስለሆኑ ነው።

ካታሊስት ምንድን ነው? እንደ እኛ አስተያየት ከአገራችን ሽማግሌ የተሻለ ምሳሌ አይገኝለትም። ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሳይቀራረቡ ብዙ ዓመት ሊኖሩ ይችላሉ። ሽማግሌው መካከላቸው ገብቶ፣ አንዱን አግባብቶ፣ ሌላውን አለዝቦ ያጋባቸዋል። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ሽማግሌው ያው ሽማግሌ ነው፤ ከእርሱ የጎደለ ነገር የለም፤ በሳምንቱ ሌላ ጋብቻ ሊያማልድ ይሄዳል። ካታሊስትም እንዲሁ ሁለት ነገሮች ቶሎና በቀላሉ እንዲዋሐዱ ወይም እንዲለያዩ ያደርጋል እንጂ ራሱ አያልቅም። አንዳንዶች እርሾን ለምሳሌነት ይጠቅሳሉ። እርሾ ግን ሕያው ነው፤ ይመገባል፣ ይራባል። ይሁን እንጂ በእርሾው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን ሥራቸውን የሚሠሩባቸው ኢንዛይሞች እውነተኛ ካታሊስቶች ናቸውና ምሳሌው ጨርሶ የተሳሳተ አይደለም። ደግሞም ሽማግሌ ያልተፈጠረን ሙሽራ እንደማያመጣ ሁሉ፣ ካታሊስትም ኃይል ከባዶ አይፈጥርም። ይህን ልብ ይበሉ፤ «ያለ ነዳጅ የሚሠራ» እያለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው በየጊዜው አይጠፋምና።

መድቀቁስ ለምን አስፈለገ? ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ መሄድ አያሻም፤ ሙቀጫው በቂ ነው። የተቆላውን ቡና ሳይወቀጥ እንዳለ ጀበና ውስጥ ቢጨምሩት የሚያገኙት ቀለም ያላት ውኃ ነው። ሲወቀጥ ግን ያው ቡና፣ በዚያው መጠን፣ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ውኃው የሚነካው ገጽ በዝቷልና። የካታሊስትም ሥራ ሁሉ የሚከናወነው በገጹ ላይ ነው። ጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ብናስብ የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህንኑ ኩብ ጎናቸው አንድ ናኖ ሜትር ወደሆነ ደቃቅ ኩቦች ብንከፋፍለው ግን የሁሉም ገጽ ተደምሮ 6000 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ብዙም አያንስም። አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ሲሆን፣ የራስ ፀጉር ውፍረት በዚህ ልክ ሲለካ ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖ ሜትር ይሆናል። እንደ ፕላቲነም ያለው ውድ ማዕድን ካታሊስት ሲሆን የሚደቅበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ጥቂቱ የብዙውን ሥራ እንዲሠራ።

እንግዲህ ወደ ምድጃው እንመለስ። ጭስ ምንድን ነው ቢባል አብዛኞቻችን የእሳት ቆሻሻ ነው ብለን እንመልሳለን። ትክክለኛው መልስ ግን ጭስ ያልተቃጠለ ማገዶ ነው የሚል ነው። እንጨቱ ሲሞቅ ጋዝና ቅባት መሰል ነገር ያወጣል፤ ሙቀቱና አየሩ በቂ ከሆነ ይህ ሁሉ ነድዶ ነበልባል ይሆናል፤ በቂ ካልሆነ ግን ሳይነድድ ያመልጣል። ስለዚህ እናቲቱ ገደል ወርዳ በጀርባዋ ካመጣችው ማገዶ ከፊሉ እንጀራውን ሳያበስል በጣሪያው በኩል ይወጣል፤ እግረ መንገዱንም ዓይንዋንና ሳንባዋን ይጎዳል። አንዱ ጥፋት ሁለት ጊዜ ያስከፍላታል ማለት ነው።

በሰሜን አሜሪካ ቤት ለማሞቅ በሚያገለግሉ አንዳንድ የእንጨት ምድጃዎች ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1980 አካባቢ ጀምሮ በጭሱ መውጫ ላይ የማር እንጀራ የሚመስል፣ ፕላቲነም ወይም ፓላዲየም የተቀባ ሸክላ ይገጠማል። ጭሱ በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ፣ ያለ ካታሊስት ሊነድድበት ከሚችለው ሙቀት ግማሽ ገደማ በሆነ ሙቀት እዚያው ይቃጠላል፤ ሙቀቱም ለቤቱ ይተርፋል። መኪና ላይ የሚገጠመው የጭስ ማጥሪያም በዚሁ ዘዴ ይሠራል። የማር አገር ለሆነው ለዋግ ሰው የቅርጹን ነገር ማስረዳት አያስቸግርም።

ታዲያ ለምን ሰቆጣ አልደረሰም? ሦስት ጉልቻ ዙሪያው ክፍት ነውና ጭሱን ሰብስቦ በአንድ መውጫ የሚያሳልፍበት መንገድ የለውም። ማዕድኑም ውድ ነው። በተጨማሪም ፕላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት የተማገደበት ካታሊስት ይመረዛል፤ ሥራውን ያቆማል። (በነገራችን ላይ እሳት ለማቀጣጠል ፌስታል የሚያነድዱ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ካታሊስቱ ቀርቶ ሳንባም አይችለውምና ይህን ልማድ ቢተዉት ይበጃል።)

ከዚህ የቀረበ መፍትሔ ያለው በአገራችን እጅ ነው። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ ከአሸዋና ከሲሚንቶ ወይም ከቀይ አሸዋና ከሲሚንቶ በቅርጽ ማውጫ እየተመታ ይዘጋጃል። ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚዘጋው ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ካታሊስት የለውም፤ ነገር ግን ካታሊስት አንድ ቀን ይገጠም ቢባል መጀመሪያ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ የተዘጋ ምድጃ ነው።

ስለ ፀሐይ ኃይልስ? ዋግ ኽምራ ምንም ቢያጣ ፀሐይ አላጣም። ችግሩ ምጣዱ ነው። የአገራችን ቤተሰብ ከሚፈጀው የማብሰያ ኃይል ከግማሽ በላዩን የሚወስደው እንጀራ መጋገር ሲሆን፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጠይቃል። አምፖል የምታበራና ስልክ የምትሞላ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ለዚህ አትበቃም። የተከዜ ግድብ 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2009 ተጠናቋል፤ የሐይቁ ውኃም ከዋግ ኽምራ ቆላ ወረዳዎች ይደርሳል። ሆኖም ከመላው አገራችን አሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ገደማ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። የፀሐይን ሙቀት አጠራቅሞ ማታ የሚሰጥ ነዳጅ ቢገኝ የምጣዱ ነገር መልክ በያዘ ነበር።

ይህን ከሚፈልጉት ሊቃውንት መካከል አንዷ የእኛው አገር ልጅ ናቸው። ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1966 አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ስመ ጥሩው የግዕዝ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በወታደሮች ጥይት ተመትተው ለሞት ከተቃረቡ በኋላ ቤተሰቡ ከአገር ወጥቶ በአሜሪካ ሚኔሶታ ተቀመጠ። አባት የብራና መጻሕፍትን ሲመረምሩ ልጅ የቁሶችን ጠባይ ወደ መመርመር አዘነበሉ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተምረው እ.ኤ.አ. በ1992 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ፣ ለረጅም ዓመታት በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም አስተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ።

ስማቸው በዓለም የታወቀው ሃይድሮጅንን ሳያነድድ ከኦክስጅን ጋር እያዋሐደ ኤሌክትሪክ በሚሰጥ መሣሪያ፣ ማለትም በፉየል ሴል ምርምር ነው። «ጠጣር አሲድ» የሚባሉ ቁሶች ለዚህ መሣሪያ እንደሚያገለግሉ ያሳዩበትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጡ። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ከስዊዘርላንድ ባለሙያዎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ያደረጉት የፀሐይ መሣሪያ ነው። በመስተዋት ተሰብስቦ የመጣ የፀሐይ ጨረር ሲሪየም ኦክሳይድ የተባለውን ቁስ እስከ 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ያግለዋል፤ ቁሱም በውስጡ ካለው ኦክስጅን ጥቂቱን ይለቃል። ከዚያ ቀዝቀዝ ሲል የውኃ እንፋሎት ይነፋበታል። ኦክስጅን የተራበው ቁስ ከእንፋሎቱ ላይ ኦክስጅኑን ነጥቆ ይወስድና ሃይድሮጅኑ ብቻውን ይቀራል፤ ሃይድሮጅን ደግሞ የሚቀመጥና የሚነድድ ነዳጅ ነው። ቁሱ ሳያልቅ መልሶ መላልሶ ይሠራል። ሲሪየም እንደ ፕላቲነም ብርቅ አይደለም፤ በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ ጋር የሚቀራረብ ነው።

ውጤቱን ግን አናጋንን። ያ የመጀመሪያ መሣሪያ ከተቀበለው የፀሐይ ኃይል ወደ ነዳጅ የለወጠው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። ስለዚህ «በቅርብ ጊዜ ጓዳችን ይገባል» የሚል ተስፋ ለአንባቢያችን ልንሰጥ አንችልም። ሆኖም ፕሮፌሰር ሶስና ዕውቀቱ ውጭ አገር ብቻ እንዳይቀር ያደረጉት ጥረት መጠቀስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2012 የአሜሪካና የአፍሪካ ወጣት ተመራማሪዎች ስለ ዘላቂ ኃይል ቁሶች በአንድነት የተማሩበት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት፣ ከአዘጋጆቹ አንዷ እሳቸው ነበሩ። ከዚህ ጋር አንድ ቅሬታ ብንጨምር ነቀፌታ አይሁንብን። እንዲህ ባሉ ጥናቶች ውስጥ ስለ መኪናና ስለ ፋብሪካ ብዙ ይነገራል፤ ስለ እንጀራ ምጣድ ግን ጥቂት ነው። ምጣዱን የሚጠይቅ ሰው መምጣት ያለበት ምጣዱ ካለበት አገር ነው።

ወደ ውኃው ስንመጣ ነገሩ ቀረብ ይላል። ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ1972 ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የብርሃን ጨረር ሲያርፍበት ውኃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለመለያየት እንደሚያግዝ አስታወቁ። ይህ ነጭ ዱቄት የግድግዳ ቀለምን የሚያነጣው ያው ተራ ቁስ ነው። ከጊዜ በኋላ ይኸው ዱቄት በብርሃን ሲነቃ በውኃ ውስጥ ያሉትን ተሕዋስያንና የፋብሪካ ቀለሞች ሰባብሮ እንደሚያጠፋ ታወቀ። ሁለት እንቅፋቶች አሉበት። አንደኛ፣ የሚያነቃው አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከፀሐይ ብርሃን ከመቶ አምስት እጅ ያህል ነው። ሁለተኛ፣ የደቀቀውን ዱቄት ከውኃው መልሶ ማውጣት አስቸጋሪ ነው፤ ማንም ልጁን ዱቄቱን አብሮ ማጠጣት አይፈልግም። ተመራማሪዎቹ ዱቄቱን በመስተዋት ወይም በአሸዋ ላይ ለማጣበቅና ተራውን ብርሃን እንዲጠቀም ለማድረግ የሚደክሙት ስለዚህ ነው።

በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዮናስ ጨቡዴና የስፔኗ ተመራማሪ ኢሳቤል ዲያዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ስቲልባይት የተባለውን የኢትዮጵያ ማዕድን ገጹ ላይ የአጥንትና የጥርስ ማዕድን በደቃቁ እያበቀሉ ፍሎራይድን ከመጠጥ ውኃ ለመልቀም ሞክረዋል። ጥርስ የሚያበልዘውና አጥንት የሚያጎብጠው የፍሎራይድ ችግር የስምጥ ሸለቆ እንጂ የዋግ ደጋ ዋና ችግር አይደለም። ቢሆንም ከአገራችን ድንጋይ የውኃ ማጥሪያ ለመሥራት መሞከሩ የሚያስደስት ነው።

ለሰቆጣ እናት ዛሬ የሚሆናት ግን ያለ ዱቄቱም ፀሐይዋ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980 በቤይሩት የሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መምህር አፍቲም አክራና ባልደረቦቻቸው ፀሐይ ብቻዋን በውኃ ውስጥ ያሉትን ተሕዋስያን እንደምትገድል ጽፈው አሳወቁ። ዘዴው ቀላል ነው። ከሁለት ሊትር የማይበልጥ፣ ቀለም የሌለውና ያልተጫጫረ የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ይወሰዳል፤ ወረቀቱ ይላጣል፤ ታጥቦ ውኃ ይሞላና ይከደናል። ከዚያም ጥላ በማያርፍበት ቦታ፣ ቢቻል በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ፣ ለስድስት ሰዓት ይጋደማል። ሰማዩ ደመናማ ከሆነ ሁለት ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ግን ዘዴው አይሠራምና ማፍላት ወይም በጤና ባለሙያ ምክር የክሎሪን መድኃኒት መጠቀም ይገባል።

ውኃው ከደፈረሰ ጨረሩ ውስጥ ድረስ አይዘልቅም። የክረምቱን ውኃ በእንስራ አሳድሮ ማጥለል፣ በንጹሕ ነጠላም ደራርቦ ማጥራት መቅደም አለበት። (በደቡብ ኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው የሽፈራው ዛፍ ፍሬም ተወቅጦ ሲጨመር ድፍርስ ውኃን ያጠራል።) ውኃው በቂ ጥራት እንዳለው ለማወቅ የተሞላውን ጠርሙስ በዚህ ጋዜጣ ርእስ ላይ ያቁሙትና በአፉ በኩል ወደ ታች ይመልከቱ፤ ፊደሎቹ በውኃው ውስጥ ከተነበቡ ፀሐይ ላይ ሊያወጡት ይችላሉ፤ ካልተነበቡ ገና ነው። ዘዴው ተሕዋስያንን እንጂ ጨውን፣ ፍሎራይድን ወይም ሌላ ኬሚካልን አያስወግድም።

አንድ ነገር ቀረ። ፀሐይ የመታውን ውኃ ወደ ማድጋ ወይም ወደ ሌላ ዕቃ አይገልብጡት። ያልታጠበ ጣሳ አንድ ጊዜ ከገባበት የስድስት ሰዓቱ ልፋት ከንቱ ይሆናል። እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ይቆይ፤ ልጆቹ ሲጠማቸው በታጠበ ኩባያ ከዚያው ይቀዳላቸው፤ ለነገ የሚሆነው ሌላው ጠርሙስም ጠዋቱን ጣሪያው ላይ ይውጣ።